ከሴራሚኩ በፊት ቧንቧው

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ዕድሜ የጠገበ ቤት ማዕድ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ በተመጠነ ገንዘብ እንዴት ይታደሳል የሚል ነው። ረዘም ያሉትን ጥያቄዎች ፍሬ ነገራቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቤት ገዝተናል። ማዕድ ቤቱም መታጠቢያ ቤቱም ከተሠሩ ጀምሮ እጅ አልነካቸውም። ያለን ገንዘብ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለማሳመር አይበቃም። ባለቤቴ ዋጋው የቀነሰ ሴራሚክ ስላገኘ እሱን ገዝተን እንጀምር ይላል፤ እኔ ደግሞ ማዕድ ቤቱ ይቅደም ባይ ነኝ። ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ከሁለታችሁም ሐሳብ የሚቀድም ሥራ አለ። በዚህ ዕድሜ ባለ ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚበላው ዓይን የማያየው ክፍል ነው፤ በግድግዳና በወለል ውስጥ የተቀበረው የውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመርና የኤሌክትሪክ ሽቦ ማለት ነው። እነዚህ ሳይፈተሹ የተነጠፈ ሴራሚክ፣ ውስጥ ያለው ቧንቧ ማፍሰስ በጀመረ ቀን በመሮ ተፈልፍሎ ይነሣል፤ ያን ጊዜ የዕቃውም የእጁም ዋጋ እንደገና ይከፈላል። ስለዚህ አንዳች ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን መርምሩ።

ምርመራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግታችሁ የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር መዝግቡና ለሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ሳትጠቀሙ ቆዩ፤ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ቦታ አለ። በሽንት ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥም ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩ፤ ውሃ ሳትለቁበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወርዶ ከታየ የማጠራቀሚያው የጎማ መዝጊያ አርጅቷል፤ ይህም በጥቂት ገንዘብ የሚለወጥ ዕቃ ነው። ከዚያም አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ሌላውን ጨምሩበት። የመጀመሪያው ግፊት በእጅጉ ከደከመ፣ በተለይም ጠዋት ሲከፈት ውሃው ቡናማ ሆኖ የሚወርድ ከሆነ፣ መስመሩ ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቧንቧ ከውስጥ ስለሚዝግ ላዩ ደኅና መስሎ ሳለ ቀዳዳው ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይሄዳል። ግድግዳው ለሌላ ሥራ በተከፈተበት አጋጣሚ ይህን መስመር ፒፒአር በተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም በሌላ በማይዝግ ቧንቧ መለወጥ፣ በእኔ እምነት፣ በጠቅላላው እድሳት ውስጥ ከሁሉ የሚያዋጣው ወጪ ነው። አዲሱ መስመር ልስን ሳይሸፍነው ከተለመደው የውሃ ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ ግፊት እንዲፈተሽ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የፒፒአር መጋጠሚያ በ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚግል መሣሪያ እየቀለጠ የሚያያዝ በመሆኑ፣ በጥድፊያ የተሠራ አንድ መጋጠሚያ የሚጋለጠው በዚህ ፍተሻ ነው።

ከሁለቱ ክፍሎች መታጠቢያ ቤቱ ይቅደም እላለሁ። የተበላሸ ማዕድ ቤት ኑሮን ቢያከብድም በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ምድጃ ለጥቂት ወራት መታገሥ ይቻላል፤ የሚያፈስ መታጠቢያ ቤት ግን በየቀኑ ግድግዳውንና ወለሉን ይበላል። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ የቧንቧውን ሥራ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ አሠርታችሁ የማዕድ ቤቱን ገጽታ ለሚቀጥለው ዙር አቆዩት። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ከነበረበት አታንቀሳቅሱ። የእሱ ፍሳሽ የሚወርድበት ቧንቧ 10 ወይም 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውና በየሜትሩ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መዝቀዝቀዝ የሚፈልግ ስለሆነ፣ መቀመጫውን አንድ ሜትር ማራቅ ወለሉን አፍርሶ እንደገና እንደ መሥራት ይቆጠራል።

ስለ ሴራሚኩ፣ ቅናሹ እውነተኛ ከሆነና ስፋቱን በትክክል ለክታችሁ ከሆነ መግዛቱ ስሕተት አይደለም። ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው 10 በመቶ ጨምሩ፤ በካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥርም አንድ መሆኑን ተመልከቱ፤ ምክንያቱም በተለያየ ጊዜ የተመረተ ሴራሚክ ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ የቀለሙ ድምቀት ሊለያይ ይችላል። ሆኖም ሴራሚኩ ከተገዛ በኋላ ከጠቅላላ ገንዘባችሁ ከ15 እስከ 20 በመቶው ለድንገተኛ ወጪ የማይተርፍ ከሆነ ይቅርባችሁ። አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር መገኘቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የመታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ በተደጋጋሚ ተቀብቶ በተደጋጋሚ ይላጣል። ቀለም ቀቢው ውሃ የማያስገባ ውድ ቀለም ካልተቀባ አይቆይም ይለናል። ይህን ቀለም ብንገዛ መፍትሔ ይሆናል?

መልስ፦ የእርጥበቱ ምንጭ ሳይታወቅ የሚቀባ ቀለም፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ መላጡ አይቀርም። ውሃ ወደ ግድግዳ የሚደርስባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ሙቅ ውሃ ሲፈስ የሚነሣው እንፋሎት በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በጣሪያው ማዕዘናትና በመስተዋቱ ዙሪያ ይታያል፤ ጥቁር ሻጋታም ያስከትላል። ሁለተኛው ከመሬት በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ የሚሳብ ውሃ ነው፤ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ መስመር ያሰምራል፤ በመስመሩ ላይም ነጭ የጨው ዱቄት ይወጣል። ሦስተኛው የሚያፈስ ቧንቧ ሲሆን፣ ምልክቱ በአንድ ቦታ ጀምሮ በክረምትም በበጋም የማይደርቅ ዕድፍ ነው።

ምንጩን ለመለየት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ በደረቀ ግድግዳ ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽገው ለሁለት ቀን ይተዉት። ጠብታው ወደ እርስዎ ባለው የላስቲኩ ገጽ ላይ ከታየ ውሃው የመጣው ከክፍሉ አየር ነው፤ በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከታየ ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ ነው።

ከአየር ከሆነ የሚያስፈልግዎ ቀለም ሳይሆን አየር ማስወጫ ነው። የሚከፈት መስኮት ካለ ሁልጊዜ ከታጠቡ በኋላ ይክፈቱት፤ ከሌለ ግን እንፋሎቱን እስከ ውጭ የሚያደርስ አነስተኛ ማራገቢያ ያስገጥሙና ከታጠቡ በኋላ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያሠሩት። እንፋሎቱን ወደ ኮርኒሱ ውስጥ የሚለቅ ማራገቢያ ችግሩን ከዓይን ከማራቅ በቀር አይፈይድም፤ ጣሪያውን ያበሰብሳል። ሻጋታውን በበረኪና ሲያጸዱ ከአሲድም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አያደባልቁት፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

እርጥበቱ ከመሬት የሚሳብ ከሆነ መፍትሔው የሚጀምረው ከውጭ ነው። በግድግዳው ጥግ የተከመረ አፈር ከቤቱ ወለል በታች እስኪሆን ይጠረግ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃም ከግድግዳው ርቆ እንዲፈስ ይደረግ። ከዚያ የተጎዳው ልስን ከዕድፉ መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ይነሣና ግድግዳው ይድረቅ፤ ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች በጠንካራ የሲሚንቶ ልስን ለማፈን ይቸኩላሉ። የታፈነው ውሃ ግን መውጫ ሲያጣ ከልስኑ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በጭቃ ወይም በኖራ ለተገነባ አሮጌ ግድግዳ የሚስማማው እርጥበትን የሚያስተነፍስ የኖራ ልስን ነው፤ ከሲሚንቶው የሚበልጥበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ሴራሚክ ሳናነሣ አዲሱን በላዩ ላይ ማንጠፍ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን አሮጌው ከሥሩ የያዘ መሆን አለበት። እያንዳንዱን በእንጨት እጀታ መታ መታ አድርገው ያዳምጡ። ባዶ ድምፅ የሚሰጡት ጥቂት ከሆኑ እነሱን ብቻ አንሥቶ ቦታቸውን መሙላት ይበቃል፤ ብዙ ከሆኑ ግን ሁሉም ይነሡ። የሚቀረው ሴራሚክ ቅባቱ በደንብ ታጥቦ፣ ገጹ ተቧጭሮ ሻካራ ከሆነ በኋላ በሴራሚክ ላይ ለማንጠፍ በተዘጋጀ ማጣበቂያ መሠራት ይኖርበታል። ወለሉ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል በሩ መከርከም፣ የፍሳሽ መውረጃው ክዳንም ከፍ ማለት ሊያስፈልገው ይችላል። ከሥር የሚያፈስ ወለል ከሆነ ግን ይህን መንገድ ፈጽሞ አይምረጡ። በማዕድ ቤት ደግሞ ግድግዳውን በሙሉ ሴራሚክ ማልበስ አያስፈልግም፤ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ውሃና ዘይት የሚረጭበትን ክፍል ብቻ አልብሶ የቀረውን በሚታጠብ ቀለም መቀባት ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

ጥያቄ፦ መታጠቢያ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ክፍል ጣሪያ ይረጥባል። በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በአዲስ መሙያ አስሞልተን ነበር፤ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ተመልሶ ማንጠባጠብ ጀመረ።

መልስ፦ ሴራሚክና በመካከሉ የሚሞላው ሲሚንቶ ወለሉን ለማጽዳት ያመቻሉ እንጂ ውሃ አይዘጉም። ውሃ የሚያግደው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው የውሃ መከላከያ ቅብ ነው፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ይህ ቅብ ጨርሶ አልተቀባም፤ ተቀብቶም ከሆነ ከዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቋል።

ቢሆንም ወለሉን ከማፍረስዎ በፊት ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ ይለዩ። ወለሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ ሴራሚኩን ሳያረጥቡ ብዙ ውሃ በማንቆርቆሪያ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መውረጃው አፍ ያፍስሱ። ጣሪያው ከረጠበ ጥፋቱ የመውረጃው ወይም የመጋጠሚያው ነው፤ ስለዚህ በዙሪያው ትንሽ ቦታ ብቻ ከፍቶ መጠገን ይበቃል። ካልረጠበ በሌላ ቀን ወለሉን ብቻ፣ ከዚያም በሌላ ቀን የሻወሩን ግድግዳ ብቻ ያርጥቡ። በየመካከሉ በቂ ጊዜ ይስጡ፤ ውሃ በወለል ውስጥ አልፎ ለመታየት ሰዓታት ሊወስድበት ይችላል።

ወለሉ መከፈት ካለበት ሥራው አንድ ጊዜ በትክክል ይሠራ። አዲሱ ሊሾ ወደ ፍሳሹ በየሜትሩ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይዝቀዝቅ፤ ይህም በግምት ሳይሆን በውሃ ልክ ይረጋገጥ። ቅቡ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ መስቀልኛ ሆኖ ነው። ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ማዕዘንና የቧንቧዎቹ ዙሪያ ማጠናከሪያ ጨርቅ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሱት እነዚህ ናቸው። ቅቡ በግድግዳው ላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በሻወሩ በኩል ደግሞ እስከ 2 ሜትር ይውጣ።

ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት አንድ የማይታለፍ ፈተና አለ። ቅቡ ከደረቀ በኋላ መውረጃውን ደፍነው ወለሉ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ያቁሙ፤ ከፍታውንም በግድግዳው ላይ ምልክት አድርገው 24 ሰዓት ይጠብቁና ከሥር ያለውን ጣሪያ ይመልከቱ። አምስት ሳንቲ ሜትር የቆመ ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ወለሉ የእንጨት ከሆነ ባለሙያ ሳያማክሩ ይህን አያድርጉ። ሠራተኞች ቀን ያባክናል ብለው ይህን ፈተና መዝለል ይወዳሉ፤ እባክዎ አይፍቀዱላቸው። በመጨረሻም ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚሞላው ሲሚንቶ ሳይሆን ሲሊኮን ይሁን፤ ሁለቱ ገጾች በጥቂቱም ቢሆን ስለሚንቀሳቀሱ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ሻወር ስንከፍት ውሃው ይነዝረናል። እድሳቱን ስናካሂድ ይስተካከላል ብለን ትተነዋል።

መልስ፦ እድሳቱን አይጠብቁ። የውሃ ማሞቂያውን ዛሬውኑ ከብሬከሩ አጥፉት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየውም ማንም ሰው አይታጠብበት። ምናልባት የማሞቂያው ውስጣዊ ክፍል ተበልቶ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያሳለፈ፣ የመሬት ሽቦውም ወይ ተቆርጦ ወይ ከመጀመሪያው ሳይዘረጋ ቀርቶ ይሆናል። ባለሙያው የመሬት መስመሩን ካስተካከለ በኋላ ከ30 ሚሊ አምፔር ያልበለጠ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያገኝ መስመሩን በቅጽበት የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ያስገጥምላችሁ። ማሞቂያው ለብቻው ከማከፋፈያው የሚመጣ መስመር ይኑረው፤ ሶኬትም ከሻወሩ ክልል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መራቅ ይገባዋል። በጀታችሁ ምንም ያህል ጠባብ ቢሆን ከዚህ ላይ አትቀንሱ።

ጥያቄ፦ ማዕድ ቤቴ በጣም ጠባብ ነው። ካቢኔቱ አርጅቷል፤ የሲንኩ ሥር አብጧል። ሁሉንም አውጥቼ አዲስ ላሠራ ወይስ ሊጠገን ይችላል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ይዩ። ከጣውላ ወይም ከኮምፔንሳቶ የተሠራ አሮጌ ካቢኔት አካሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ዛሬ በርካሽ ከሚሸጠው ብዙ ይሻላል፤ እንዳያወጡት። ቺፑድ ከሆነ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያበጠው ክፍል ተመልሶ ስለማይሟሽሽ እሱ ብቻ ይለወጥ፤ ደረቁ ግን ይቆይ። በሮቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና ቅባታቸው እስኪለቅ አጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርገው አሽተው፣ መያዣ ቅብ ከቀቡ በኋላ ቀለሙን ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ ይቀቧቸው። ማጠፊያዎቹንና እጀታዎቹን ይለውጡ። የሲንኩን ሥር አዲስ ሲያሠሩ ወለል ሲታጠብ ውሃ እንዳይነካው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በሚሆኑ እግሮች ላይ ይቁም፤ የተቆረጡት የጣውላ ጠርዞችም ሁሉ ይታሸጉ፤ ውሃ የሚገባው በጠርዝ በኩል ነውና።

ጠባብ መሆኑ ግን አያሳስብዎ። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የኦስትሪያ አርክቴክት ፍራንክፈርት ውስጥ ለሠራተኛ ቤተሰቦች መኖሪያ የነደፈችው ማዕድ ቤት ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ሴትየዋ የማዕድ ቤት ሥራ ምን ምን እንቅስቃሴ እንደሚጠይቅ አጥንታ፣ ሲንኩ፣ ምድጃውና የሥራ ጠረጴዛው በጥቂት እርምጃ እንዲደረሱ አድርጋ አቀናጅታዋለች፤ ዛሬ በየቤቱ የምናየው የተያያዘ የማዕድ ቤት ካቢኔት መነሻውም ይኸው ንድፍ ነው። ስለዚህ ግድግዳ አፍርሶ ከማስፋት ይልቅ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ሲንኩ አሁን ፍሳሹ ካለበት ግድግዳ አይራቅ፤ በሲንኩና በምድጃው መካከል ከ60 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ባዶ የሥራ ቦታ ይኑር። የጠረጴዛው ከፍታ በብዛት ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ነገር ግን የሚሠራበት ሰው ቆሞ ክንዱን ሲያጥፍ ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ከፍታ ለወገብ ይስማማል። ለላይኛው ካቢኔት ገንዘብ ካልተረፈ ጠንካራ መደርደሪያ ይበቃል፤ ክፍሉንም ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ከተረፈው ላይ ደግሞ ከጠረጴዛው በላይ አንድ መብራት ያስገቡ፤ በክፍሉ መሐል የተሰቀለ አምፖል ከኋላ ስለሚያበራ ሰው የሚቆርጠውን ነገር በገዛ ጥላው ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ አርጅታለች፤ መታጠቢያ ቤቱ እንዳያዳልጣት እሰጋለሁ። ብዙ ሳላወጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለወለሉ የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ሻካራ ገጽ ያለው ሴራሚክ ይምረጡ፤ አነስ ያለ መጠን ቢሆን ይመረጣል፤ የሚበዛው መጋጠሚያ እግርን ይይዛልና። በሽንት ቤቱና በሻወሩ አጠገብ የብረት መደገፊያ ያስተክሉ፤ መደገፊያው ግን በልስኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ጠልቆ በግንቡ ውስጥ መታሰር አለበት፤ የሰውን ሙሉ ክብደት የሚሸከም ነውና። ግድግዳው ተከፍቶ ሳለ ይህ እንዲታሰብበት ለግንበኛው አስቀድመው ይንገሩት። የሻወሩ መግቢያ ደፍ ባይኖረው፣ ሌሊት የሚበራ መብራትም ቢኖር መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ወጪ ለመቀነስ የማፍረሱን ሥራ እኔና ወንድሞቼ ልንሠራው አስበናል። አደጋ አለው?

መልስ፦ ማፍረስ፣ ፍርስራሽ ማውጣትና ቀለም መቀባት በራስ ጉልበት ቢሠሩ የእጅ ዋጋ በእርግጥ ይቀንሳል። ዋናውን የውሃ መዝጊያና የክፍሉን ብሬከር ሳትዘጉ ግን አትጀምሩ። ቤቱ አሮጌ በመሆኑ ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው አስቤስቶስ ነው፤ በተለይ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በጣሪያና በግድግዳ ሰሌዳ፣ በቧንቧ፣ በወለል ንጣፍና በማጣበቂያው ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። ሳይነካ ሲቀመጥ ብዙ አይጎዳም፤ ሲሰበር፣ ሲበሳና ሲፋቅ የሚበነው ዱቄት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የሳንባ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። የጠረጠራችሁትን ነገር ሳትነኩ ባለሙያ አሳዩ። ሁለተኛው እርሳስ ያለበት አሮጌ ቀለም ነው፤ በደረቁ አትፋቁት፤ ሕፃናትም በአካባቢው አይኑሩ። የሚሸከም ግድግዳ ሊሆን የሚችለውንም ያለ መሐንዲስ ምክር አትንኩ።

ጥያቄ፦ ያነጋገርነው ሠራተኛ ግማሹን ገንዘብ በቀብድ ካልሰጣችሁኝ አልጀምርም ይላል። ተገቢ ነው?

መልስ፦ ለዕቃ መግዣ የሚሆን ቀብድ መጠየቁ ያለ ነገር ነው፤ ሆኖም ዕቃውን ራሳችሁ ከገዛችሁ ለግማሽ ክፍያ ምክንያት አይኖርም። ክፍያውን ከሥራው ደረጃ ጋር አያይዙት፦ የቧንቧና የሽቦ ዝርጋታው አልቆ ከተፈተሸ በኋላ አንድ ክፍያ፣ የውሃ መከላከያው የ24 ሰዓቱን ፈተና ካለፈ በኋላ ሌላ፣ ሴራሚኩ ሲያልቅ ሌላ፤ ከጠቅላላው 10 በመቶው ደግሞ ሁሉም ዕቃ ተገጥሞ ለጥቂት ሳምንታት ከተሠራበት በኋላ ይከፈል። ይህ ሁሉ፣ ማን የትኛውን ዕቃ እንደሚያቀርብና ፍርስራሹን ማን እንደሚያወጣ ጭምር፣ በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊትም ቧንቧውና ሽቦው የሚያልፍበትን መስመር ከወለሉና ከማዕዘኑ ያለውን ርቀት በሜትር እያሳያችሁ ፎቶ አንሡና አስቀምጡ፤ ወደፊት መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ የሚበሳ ሰው ቧንቧውን ወይም ሽቦውን እንዳይመታ ይረዳዋል።